ልቡ ተመለሰ፣ አንጎሉ ለምን ዘገየ?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የአባቴ ልብ በድንገት ቀጥ ብሎ ነበር። አምቡላንስ እስኪደርስ ወንድሜ ደረቱን ሲጫን ቆየ። ልቡ በኤሌክትሪክ ንዝረት ተመለሰ። አባቴ ግን የነቃው በሦስተኛው ቀን ነው። አሁን ቤት ገብቷል። የወጣትነቱን ወሬ አንድም ሳያስቀር ያወራል፤ ጠዋት የነገርኩትን ግን ከሰዓት አያስታውሰውም። ክንድ ለቀዶ ጥገና ታስሮ ከአንድ ሰዓት በላይ ያለ ደም ይቆያል ሲባል ሰምቻለሁ። አንጎል ለምን በደቂቃዎች ይጎዳል? ልቡ ከተመለሰ በኋላስ ለምን ዘገየ? እናቴ ደግሞ «ያኔ ስኳር በጥብጠን ብንሰጠው ኖሮ» እያለች ትቆጫለች። እውነት ይረዳው ነበር?
ሰ. ነኝ

መልስ፦
ጤና ይስጥልኝ እህቴ። እንኳን አባትዎ ተረፉልዎት። ወንድምዎን እጅህ ይባረክ በሉልኝ፤ ለምን እንደሆነ እነግርዎታለሁ።

ጡንቻ ሲያርፍ ወጪው ትንሽ ነው፣ ስንቅም ይቋጥራል። ክንድ ታስሮ የሚቆየው ለዚህ ነው። አንጎል አያርፍም። ክብደቱ ከሰውነታችን 2 በመቶ ገደማ ብቻ ሆኖ፣ ቁጭ ባልንበት ከምንጠቀመው ኦክስጅን 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። ማጠራቀሚያ ግን የለውም ማለት ይቻላል። ከእጅ ወደ አፍ ነው የሚኖረው።

ይህ ሁሉ ጉልበት የት ይገባል? ብዙ ሰው «ለማሰብ» ይላል። ትልቁ ድርሻ የሚያልቀው ግን ጨው በማመላለስ ነው። በእያንዳንዱ የነርቭ ሴል ሽፋን ላይ የሶዲየምና የፖታሲየም ፓምፕ አለ። ዴንማርካዊው የንስ ስኮ እ.ኤ.አ. በ1957 ስለዚህ ፓምፕ ጽፎ፣ በ1997 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተካፍሎበታል። ፓምፑ ኤቲፒ ከሚባለው የሴል ነዳጅ አንድ ባቃጠለ ቁጥር 3 ሶዲየም ያስወጣል፣ 2 ፖታሲየም ያስገባል። ሴሉ ደግሞ ሁልጊዜ ያፈሳል፤ ስለዚህ ፓምፑ አንድም ቀን እረፍት የለውም። ነርቭ መልእክት የሚልከው በውስጥና በውጭ ባለው በዚህ የጨው ልዩነት ነው።

ደም ሲቋረጥ ሰው በ10 ሰከንድ ገደማ ራሱን ይስታል። ብዙም ሳይቆይ የአንጎሉ የኤሌክትሪክ ሞገድ ጠፍጣፋ መስመር ይሆናል። እዚህ ላይ ልብ ይበሉ። ሴሎቹ ገና አልሞቱም። ኤቲፒያቸውም ጨርሶ አላለቀም፤ ፎስፎክሬቲን የሚባለው ትንሽ መጠባበቂያ እየደጎመው ነው። ሴሉ ዝም አለ እንጂ አልሞተም። እኔ ለተማሪዎቼ ከሁሉ አስቀድሜ የምነግራቸው ይህንን ነው።

ቀጥሎ የሚሆነውን ተማሪ ሳለሁ ቤተ ሙከራ ውስጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ጫፏ ከፀጉር የቀጠነ የመስታወት ኤሌክትሮድ አይጥ አንጎል ውስጥ ገብታ፣ ከሴሎች ውጭ ያለውን ፖታሲየም ትለካለች። መደበኛው በሊትር 3 ሚሊሞል አካባቢ ነው። ደም ሲቆም መስመሩ ቀስ እያለ ወደ 10 ይወጣል። ለአንድ ሁለት ደቂቃ የሚይዝ ይመስላል። ከዚያ በሰከንዶች ውስጥ ሽቅብ ተወርውሮ ከ50 ያልፋል። ግድብ ሲደረመስ ማለት ነው። ፖታሲየሙ ሲወጣ ሶዲየምና ክሎራይድ ይገባሉ፣ ውሃ ይከተላቸዋል፣ ሴሉ ያብጣል። ክፉው ግን ካልሲየም ነው። በደህናው ጊዜ ከሴሉ ውጭ ያለው ካልሲየም ውስጥ ካለው በ10,000 እጥፍ ገደማ ይበልጣል። በሩ ሲከፈት ጎርፎ ገብቶ የሴሉን አካል የሚፈጩ ኢንዛይሞችን ይቀሰቅሳል። ግሉታሜት የሚባለው መልእክተኛም ከቁጥጥር ውጭ ይፈስና ሌሎች በሮችን ይከፍታል።

አሁን ወደ ወንድምዎ። 100 ግራም አንጎል በደቂቃ 50 ሚሊሊትር ያህል ደም ያገኛል። ከ20 በታች ሲወርድ ሴሉ ዝም ይላል። ፓምፑ የሚረታው ግን ወደ 10 ሲወርድ ነው። በሁለቱ መሀል ሴሉ ሥራ አቁሞ ጨዉን ግን ይዞ ይቆያል። ደረት መጫን ልብ በደህናው ጊዜ ከሚረጨው ደም ቢበዛ ሩቡን ወይም ሲሶውን ነው የሚያስገኘው። ትንሽ ይመስላል። ያቺ ትንሽ ግን ፓምፑ እንዳይቆም ልታደርግ ትችላለች።

ልብ ሲመለስ ፖታሲየሙ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ቦታው መመለስ ይጀምራል። ጉዳቱ ግን እዚያ ላይ አያበቃም። ካልሲየም ያጨናነቀው ማይቶኮንድሪያ (የሴሉ ኃይል ማመንጫ) ኦክስጅን በድንገት ሲመጣለት ጎጂ ሞለኪውሎችን ይረጫል። እብጠቱም ለቀናት ሊቆይ ይችላል። ሐኪሞች በእነዚህ ቀናት ትኩሳት እንዳይነሳ የሚጠነቀቁት፣ ሙቀት በ1 ዲግሪ ከፍ ዝቅ ሲል የአንጎል ፍጆታም አብሮ ከ6 እስከ 7 በመቶ ስለሚለዋወጥ ነው። በሦስተኛው ቀን መንቃት ብርቅ አይደለም፤ የማስተኛ መድኃኒቱም ያዘገያል።

የመርሳቱ ነገር ሂፖካምፐስ የሚባለውን የአንጎል ክፍል ያስጠረጥረኛል። አዲስ ትዝታ የሚቀረጸው እዚያ ነው። ጃፓናዊው ኪሪኖ እ.ኤ.አ. በ1982 ባወጣው ጥናት፣ ጀርቢል በምትባል የአይጥ ዘመድ ላይ ደም ለ5 ደቂቃ ሲቋረጥ፣ የሂፖካምፐስ ሴሎች መጀመሪያ ደህና መስለው ከቀናት በኋላ ሲሞቱ አሳይቷል። የድሮው ትዝታ በአብዛኛው ሌላ ቦታ ሰፍሯል። ለዚህ ነው የወጣትነት ወሬያቸው ያልተነካው። የማስታወስ ምርመራ እንዲደረግላቸው ሐኪማቸውን ይጠይቁ። መሻሻል ጎልቶ የሚታየው በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው። እስከዚያ ማስታወሻ ደብተር አጠገባቸው ይሁን። «ነገርኩህ እኮ» አይበሏቸው፤ ልባቸው ይሰበራል።

እናትዎ በስኳሩ አይቆጩ። ራሱን ለሳተ ሰው በአፍ ምንም አይሰጥም፤ ወደ ሳንባ ገብቶ ያንቀዋል። ደግሞም የጎደለው ስኳር ሳይሆን ኦክስጅን ነበር። አንድ ግሉኮስ በኦክስጅን 30 ገደማ ኤቲፒ ይሰጣል፣ ያለ ኦክስጅን 2 ብቻ፤ ትርፉ ላክቲክ አሲድ ነው። በዚያ ሰዓት ስኳር ቢጨመር የሚበዛው አሲዱ ነበር።