ቤት ውስጥ የሚያምር የጊታር ድምፅ ሰርግ ላይ ለምን ይጠፋል?

«አምፑ (የጊታሩ ድምፅ ማጉያ) ላይ ቤዝ (ወፍራሙን ድምፅ) 8፣ ሚድል (መካከለኛውን) 2፣ ትሪብል (ቀጭኑን) 8 አድርጌ ቤት ስለማመድ ያምራል። ደሴ ሰርግ ላይ ከባንዱ ጋር ስጫወት ግን ጊታሬ አይሰማም» ላልከው ወንድሜ።

ችግሩ ሚድሉ ላይ ነው። ወደ 6 ወይም 7 አውጣው፣ ቤዙን ወደ 3 አውርደው፣ ትሪብሉን 5 አካባቢ ተወው። ብቻህን ስትሰማው ይደብርሃል። ቢሆንም ከባንዱ ጋር ሞክረው።

ጊታር ከሌላው ተለይቶ የሚሰማው በመካከለኛው ድምፅ ነው። ታችኛውን ቤዝ ጊታሩና የድራሙ ኪክ (በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ) ይዘውታል፣ ላይኛውን ሲምባሉ (የድራሙ የብረት ሳህን)። አንተ ሁለቱን ጫፍ ጨምረህ መሃሉን ስትቀንስ የራስህን ቦታ ለቀህ ሰው የያዘው ቦታ ላይ ትጋፋለህ። ቤት ውስጥ ደግሞ ቮልዩሙ ዝቅ ስለሚል ጆሯችን ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ አሳንሶ ነው የሚሰማው፣ ለዚህ ነው እነሱን ስትጨምር ደስ የሚልህ። ድንኳን ውስጥ ቮልዩሙ ከፍ ሲል ያው ቤዝ ያጉረመርማል፣ ያው ትሪብል ጆሮ ይበሳል።

አንድ ነገር በደንብ ያዝልኝ። ፌንደርና ማርሻልን በመሳሰሉ የቲዩብ (በመስታወት ቱቦ የሚሠሩ) አምፖች ላይ ሦስቱ ማዞሪያዎች አብዛኛውን ጊዜ ድምፅ አይጨምሩም፣ የሚቀንሱትን መጠን ነው የምትመርጠው። በድሮዎቹ ፌንደሮች ሦስቱንም ዜሮ ብታደርጋቸው ድምፁ ጭራሽ ይጠፋል ማለት ይቻላል። ሁሉንም 5 ላይ ማድረግም «ያልተነካ» ድምፅ አይሰጥህም፣ እነዚህ አምፖች ከ400 እስከ 500 ኸርዝ አካባቢ ያለውን መሃል ከመጀመሪያውም ጎድጎድ ያደርጉታል። በዚያ ላይ ማዞሪያዎቹ የተያያዙ ናቸው። ትሪብሉን ጥግ ካደረስከው የሌሎቹ ጉልበት ይቀንሳል፣ ስለዚህ አንዱን በነካህ ቁጥር ሌሎቹን መልሰህ ስማ። አንዳንድ የትራንዚስተር አምፖች ግን ይለያሉ፣ መሃል ላይ ሲሆኑ ምንም አይነኩም፣ ከዚያ በላይ በእርግጥ ይጨምራሉ።

ጌይን (ድምፁን የሚያሻክረውን ማዞሪያ) ስትጨምር ቤዝ ቀንስ። ወፍራሞቹ ክሮች ቶሎ ይድበሰበሳሉ። እንደ አምባሰል ባለ ቅኝት፣ መነሻውና ሁለተኛው ድምፅ በጣም ተቀራርበው በሚሄዱበት፣ ዜማው ካልጠራ ምኑ አምባሰል ይሆናል? እኛ ወሎ ተወልደን ባቲና አምባሰልን አደብዝዘን መጫወት የለብንም፣ ይሄ ከልቤ ነው።

ማሲንቆ ካለ ነገሩ ይለያል። እሱም የሚሰማው መሃሉ ላይ ነው። ማዞሪያ ከመነካካት ይልቅ ማሲንቆው ሲገባ የጊታርህን ቮልዩም ቀንስለት፣ ሲጨርስ መልሰው።

አምፑንም መሬት ላይ አታስቀምጠው። ቀጭኑ ድምፅ ከስፒከሩ ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፣ በጉልበትህ በኩል ያልፍና አንተ ጋ አይደርስም። ትሪብል ያነሰ እየመሰለህ ትጨምራለህ፣ ፊት ለፊት የተቀመጡት እንግዶች ይሰቃያሉ። ወንበር ላይ አውጣው ወይም ወደ ኋላ አጋድመው፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ትሪብሉን አስተካክል።

የአምፕህን ስምና ሞዴል እዚህ ጻፍልኝ። ፕሬዘንስ የሚል ማዞሪያ ካለውም ንገረኝ፣ እሱ ከትሪብሉ በላይ ያለውን ስለሚነካ የነገርኩህን ቁጥር ትንሽ ይቀይረዋል።