መጀመሪያ ሠርጉ፣ ከዚያ ቅስናው

ዲያቆን፣ «እጮኛዬ ትምህርቷን እስክትጨርስ ቅስናውን ልቀበልና ሠርጉ ይቆይ? ለመሆኑ ቄስና ዲያቆን በሥራ ምን ያህል ይለያያሉ?» ብለሃል። እኔ ዘጌ የምቀድስ ቄስ ነኝ። አንተም የገጠር ደብር አገልጋይ ትመስለኛለህና ያየሁትን ልንገርህ።

1. ሠርጉ አይቆይም! በዲቁናህ ሳለህ በተክሊል ታገባለህ፣ አብራችሁ ትቆርባላችሁ፣ ከዚያ ጳጳስ ይሾምሃል። ከቀሰስክ በኋላ ማግባት የለም። ሳላገባ ልቀስስ ካልክ መንገዱ ምንኩስና ነው። ሚስትህ ብትሞት እንኳ ሌላ ካገባህ ክህነትህ ፈረሰ። እጮኛህ ይህን አውቃ ትግባበት። የኔዋ አውቃ ነው የገባችው፣ እግዚአብሔር ይስጣት።

2. ዲያቆን ይራዳል። ቄስ ቀድሶ ያቆርባል፣ ያጠምቃል፣ ንስሐ ይቀበላል። ክህነት መስጠት የጳጳስ ብቻ ነው። ቅዳሴ ሲያንስ ሲያንስ 5 ልዑካን ይፈልጋል፤ 2 ቄስ፣ 3 ዲያቆን። ስለዚህ በገጠር አንድ ቄስ ከታመመ ሕዝቡ ቆሞ ከጎረቤት ደብር ሰው ይጠበቃል።

3. ወረቀቱ። እኔን ያቃጠለኝ እሱ ነው። የቅስናው ፈተናማ ምን አለው፣ የቅዳሴውን ዜማ ግእዙንም ዕዝሉንም ወረድኩት፣ መምህሬ በሌሊት እየቀሰቀሱ ያስጠኑኝ ለምን ሆነና! የሰበካ ጉባኤውን ደብዳቤ፣ የንስሐ አባቴን ምስክርነት፣ የጋብቻውን ማስረጃ ይዤ በጀልባ ባሕር ዳር ገባሁ። ቢሮውን አልጠራውም። ጸሐፊው ቀና ብሎም አላየኝ። «ማኅተሙ ደብዝዟል» ብሎ መለሰኝ። አስተካክዬ አስገባሁ። ቆይቼ ብጠይቅ «እንዲህ የሚባል ፋይል የለም»። ስቆጣ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ቄስ ልትሆን አይደል፣ ትዕግሥት ከአሁኑ ልመድ።» አቡኑ ለጓደኞቼ ክህነት ሰጥተው ሄዱ፣ እኔ ቀረሁ። ባለቤቴ ለጎረቤት «ወረቀት ላይ ነው» እያለች ከረመች። በኋላ ፋይሉ የት ተገኘ? እዚያው ሰውዬው ጠረጴዛ ላይ፣ የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ሆኖ!

ድሮ ጳጳስ ከግብፅ በሚመጣበት ዘመን ለክህነት ስንት ቀን በእግር ይኬድ ነበር ይላሉ። እኔን ያንገላታኝ ግን መንገዱ አይደለም።

አንተ ወረቀትህን ለጸሐፊ በእጅ አትስጥ። መዝገብ ቤት አስገባ፣ የገቢ ቁጥሩንና ቀኑን ጽፈህ ያዝ፣ ኮፒ አስቀር። ሠርጉንም ዐቢይ ጾም ሳይገባ ጨርስ፤ በጾም ተክሊል አይደረግም።