ኃይል «ይዘዋወራል» ወይስ «ይተላለፋል»?

ጥያቄ፦ የሥነ ሕይወት መምህር ነኝ። ለተማሪዎቼ በማዘጋጀው ማስታወሻ ላይ «ኃይል በሥርዓተ ምህዳር ውስጥ ባሉ ሕያዋን መካከል ይዘዋወራል» ብዬ ጽፌ ነበር። ረቂቁን ያየልኝ አንድ ባልደረባዬ «ይተላለፋል» በሚለው እንድተካው መከረኝ፤ ሌላው ደግሞ «ይፈስሳል» ይሻላል አለኝ። ልዩነት አላቸው? የሞተውን አካል ወደ አፈር የሚመልሱትንስ ፈንገሶችና ባክቴሪያዎች «በስባሾች» ልበል ወይስ «አበስባሾች»?

መልስ፦ ሦስቱ ግሶች በዕለት ተዕለት ንግግር ቢቀራረቡም በዚህ ጉዳይ ላይ አንዱ ሌላውን አይተካም። የመጀመሪያው ባልደረባዎ የመረጡት ይሻላል፤ ምክንያቱን ግን ከነገሩ ጠባይ ተነሥቶ ማየት ያስፈልጋል።

«ተዘዋወረ» ከ«ዞረ» ጋር አንድ ሥር ስላለው የመዞርንና የመመላለስን ሐሳብ ይዞ ይመጣል። «የሠራተኛ ዝውውር» ስንል መመለስን ባናስብም፣ የሳይንስ ጽሑፍ የሚያነብ ተማሪ ፊት ቀድሞ የሚደቀነው «የደም ዝውውር» ነው፤ ደም ደግሞ ከልብ ወጥቶ ወደ ልብ ይመለሳል። ካርቦንና ናይትሮጅን እንዲህ ናቸው፤ እንስሳ በትንፋሹ ያወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቅጠል መልሶ ይወስደዋል፤ ስለዚህ ለእነርሱ «ይዘዋወራሉ» ወይም «ዑደት አላቸው» ማለት ትክክል ነው። ኃይል ግን አይመለስም። ተክሎች በብርሃን አስተፃምሮ ከፀሐይ የወሰዱት ኃይል በየእርከኑ፣ ማለትም ከተክል ወደ በዪው፣ ከበዪውም እርሱን ወደሚበላው ሲያልፍ፣ ወደ ሙቀት እየተለወጠ ይወጣል፤ ሙቀትንም መልሶ ምግብ የሚያደርግ ተክል የለም። «ይዘዋወራል» የሚለው ግስ ይህን መሠረታዊ ልዩነት ስለሚሸፍነው ከማስታወሻዎ ቢወጣ እመርጣለሁ።

«ይፈስሳል» አቅጣጫን ያሳያል፤ «የኃይል ፍሰት» የሚለው ስምም የተለመደና ጥሩ ነው። ግሱ ብቻውን ሲቆም ግን «ውሃው ፈሰሰ» እንደምንለው ያለ ጥቅም መደፋትንም ስለሚያመለክት፣ ስሙን ይዞ ግሱን በሌላ መተካት ይሻላል።

«ይተላለፋል» መነሻና መድረሻን በ«ከ» እና በ«ወደ» እንድንናገር ያስገድደናል፤ ብልጫው ይህ ነው። አንድ ጉድለት ግን አለው፤ በሽታም መልእክትም ሲተላለፍ ከሰጪው ዘንድ አይጎድልም፣ ወደ ተቀባዩም ሙሉውን ይደርሳል። ስለዚህ ስለ ኃይል ስንጽፍ መጠኑን አብሮ መግለጽ ግድ ነው። የሥነ ምህዳር ተመራማሪው ሬይመንድ ሊንደማን በአሜሪካዋ ሚኒሶታ ግዛት የሚገኝ አንድ ትንሽ ሐይቅ አጥንቶ ያዘጋጀውና እ.ኤ.አ. በ1942 የታተመው ጥናት ለሥነ ምህዳር ያበረከተው ታላቅ ነገር ይኸው ነበር፤ ማን ማንን ይበላል ከማለት አልፎ ከአንዱ እርከን ወደ ቀጣዩ ምን ያህል ኃይል እንደሚደርስ ማስላት። ዛሬ እንደ መነሻ የሚወሰደው 10 በመቶ ያህል ነው፤ እንደ ሥርዓተ ምህዳሩ ዓይነት ግን ከ5 እስከ 20 በመቶ ሊሆን ይችላል።

የቀረውስ? እዚህ ላይ ብዙዎች «ይጠፋል» ወይም «ይባክናል» ይላሉ፤ ሁለቱም አይስማሙኝም። ለማስተማሪያ የሚሰጠውን የአባጨጓሬ ስሌት እንይ፤ 200 ጁል (ጁል የኃይል መለኪያ ነው) ያለው ቅጠል ከበላ 100 ያህሉ ሳይፈጭ በኩሱ ይወጣል፣ 67 ያህሉን ለመተንፈስ፣ ለመንቀሳቀስና ሕይወቱን ለማቆየት ያውለዋል፣ አካሉ ሆኖ የሚቀረው 33 ያህል ብቻ ነው። አባጨጓሬውን የምትለቅመው ወፍ የምታገኘው ይህንኑ 33 ነው። 67ቱ ጁል ሙቀት ሆኖ ወጣ እንጂ አልጠፋም፤ አባጨጓሬው የኖረው በእርሱ ነውና «ባከነ» ማለትም ትክክል ያልሆነ ፍርድ መስጠት ነው። «በሙቀት መልክ ከምግብ ሰንሰለቱ ይወጣል» ቢሉ እውነቱን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ይገልጹታል።

እርስዎ ባይጠይቁኝም፣ የኃይልን አቅጣጫ ከእነዚህ ግሶች ሁሉ ይበልጥ የሚያደናግረው በጽሑፋችን ውስጥ «ይበላል» የሚለው ቃል ነው። «በ» እና «ላ» ላልተው ሲነበቡ በዪውን፣ ጠብቀው ሲነበቡ ተበዪውን ይመለከታል፤ ፊደላችን ግን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ «ሣር ይበላል» የሚለው ሐረግ ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። በምግብ ሰንሰለት ሥዕል ላይ ቀስቱ ከሣር ወደ አንበጣ፣ ከአንበጣ ወደ እንቁራሪት ይጠቁማል፤ ቀስቱን «ይበላል» ብሎ አላልቶ የሚያነብ ተማሪ ሣር አንበጣን ይበላል ወደሚል ድምዳሜ ይደርሳል። መፍትሔው ከቃሉ ጎን ያሉትን ምልክቶች አለመዝለል ነው፤ «አንበጣ ሣርን ይበላል»፣ «ሣር በአንበጣ ይበላል» ብለን ስንጽፍ «ን» እና «በ» የላላውን ከጠበቀው ይለዩልናል። ቀስቱ ኃይል የሚሄድበትን እንጂ የበዪውን ጉዞ እንደማያሳይም በሥዕሉ ግርጌ መጻፍ ይገባል።

ሁለተኛው ጥያቄዎ አጭር መልስ አለው፤ «አበስባሾች» ይበሉ። «ደንጋጭ» ራሱ የሚደነግጥ፣ «አስደንጋጭ» ግን ሌላውን የሚያስደነግጥ እንደሆነ ሁሉ፣ «በስባሽ» ራሱ የሚበሰብሰው ቅጠል ወይም ሬሳ ሲሆን «አበስባሽ» የሚያበሰብሰው ፈንገስ ወይም ባክቴሪያ ነው። አንዲቷ «አ» ብትቀር ሠሪው ተሠሪ ይሆናል። ስለ እነዚህ ሕያዋን ሲጽፉም «ይተላለፋል» እና «ይዘዋወራል» የሚሉትን ሁለቱን ግሶች በየቦታቸው በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊያውሏቸው ይችላሉ፦ «ከሞተው አካል ወደ አበስባሾች የሚተላለፈው ኃይል በመጨረሻ በሙቀት መልክ ይወጣል፤ በአካሉ ውስጥ የነበሩት ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ግን ወደ አፈር ተመልሰው በተክሎች ሥር በኩል እንደገና ይዘዋወራሉ።»