ምክር ለዲያስፖራው፦ አባታችሁን ሳታስወሩ አትመለሱ

ከአገር ከወጣሁ 20 ዓመት አልፎኛል። ስንቱ እኔ በወደቅኩበት ጉድጓድ ሲወድቅ አይቻለሁ። ስለዚህ ብቆጣ አትቀየሙኝ።

1. ወረቀት። ቢጫ ካርዳችሁን፣ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያውን፣ አውጡ። ውክልና ከመስጠታችሁ በፊት ለማን እንደምትሰጡ ሁለቴ አስቡ። አለቀ።

2. ብር። ላኩ፣ ግን ምን እንደሚፈለግ ጠይቁ። እኔ አዳማ ላሉት አባቴ ግድግዳ የሚያክል ቴሌቪዥን ገዛሁ። ላስቲኩን እንኳ ሳይልጡ ዳንቴል አለበሱት። እሳቸው የሚያዩት መንገዱን ነበር።

3. አባት። አባቴ አሰብ ወደብ ላይ ጭነት ቆጣሪ ነበሩ። ከመርከብ የሚወርደውን ከማኒፌስቱ፣ ከጭነቱ ዝርዝር፣ ጋር ያመሳክራሉ። በ1983 ሁሉን ጥለው አዳማ ገቡ። ጡረታ ከወጡ በኋላም መቁጠር አልተዋቸውም። መንገድ ዳር ሻይ ቤት ተቀምጠው፣ ከጅቡቲ ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚያልፈውን ተሳቢ ሁሉ ያነቡታል። ኮንቴይነር ላይ አራት ፊደልና ሰባት ቁጥር አለ። የመጨረሻዋ ቁጥር ከፊቷ ካሉት አሥሩ በስሌት የምትገኝ ናት። "ምስክሯ" ይሏታል። ሲጋራ ወረቀት ጀርባ ላይ አስልተው፣ ልክ ስትመጣ ሻይዋን ፉት ይላሉ።

ታሪክም ነፍሳቸው ነው። "ጣልያን አገራችን የገባው በመድፍ መሰለህ? በውል ነው" ይሉኝ ነበር። ኅዳር 1862፣ የስዌዝ ቦይ በተከፈተበት በዚያው ወር፣ ሩባቲኖ የሚባል የመርከብ ኩባንያ አሰብ ላይ መሬት ገዛ። በ1874 የጣልያን መንግሥት ከኩባንያው ተረከበው። በ1882 ኤርትራን ቅኝ ግዛቴ አለ። የካቲት 1888 ዓድዋ። አባቴ ይህን ሲያወሩ ልክ የጭነት ሰነድ እንደሚያነቡ ነው፤ ላኪ፣ ተቀባይ፣ የደረሰበት ቀን።

አንድ ክረምት ልጄን ይዤ ሄድኩ። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። አባቴ ጠረጴዛው ላይ በፈሰሰ ሻይ ቀይ ባሕርን ሣሉላት። ስኳሯን አሰብ አደረጓት። አንድ ሰዓት ሙሉ አወሩ። እሷ ዓይን ዓይናቸውን ታያለች፣ አንድም ቃል አልገባትም። "ንገራት እንጂ" አሉኝ። እኔ ስልክ ላይ ነኝ፤ ከኮንትራክተር ጋር ስለ ብሎኬት እጨቃጨቃለሁ። "ስለ መርከብ ነው" አልኳት። የአንድ ሰዓት ወሬ በሦስት ቃል! "ማታ በደንብ እነግራታለሁ" አልኩ። ማታ ጥብስ ጋበዙን።

"ልጄ አማርኛ ይሰማል፣ መመለስ ነው የሚያስቸግረው" የምትሉትን ነገር ተዉት። እኔም ብያለሁ። ውሸት ነው፤ ልጁ የሚሰማው "ና" እና "ብላ" ብቻ ነው። ደግሞ በየሳምንቱ ደውላችሁ "ደህና ናችሁ? ደህና ነን" ብላችሁ ካርድ አትጨርሱ። ሥራቸውን ጠይቁ። መርከብ ሌሊት ሲገባ ማን ይቀሰቅስህ ነበር? ሙቀቱን በምን ትችሉት ነበር? ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አድርጋችሁ ቅዱ። ይሳሉ፣ ይድገሙ፣ ከርዕስ ይውጡ፤ አታቋርጧቸው። ልጁን አጠገባቸው አስቀምጡ። ባይገባውም ጆሮው ይልመድ።

እኔ አልቀዳሁም። ያለኝ ድምፅ 11 ሰከንድ ነው፤ "ሃሎ? ሃሎ? አይሰማም" ይላሉ።

4. ስለ ሻንጣ ኪሎና ስለ ትኬት ልጽፍ ነበር። ተውኩት።

ለአርባቸው ስሄድ ከአሰብ ይዘውት የመጡትን ደብተር እህቴ ሰጠችኝ። አንድ ገጽ ላይ የኮንቴይነር ቁጥር ብቻውን አለ። ልጄ አሁን 17 ዓመቷ ነው፤ ስሌቱን ኢንተርኔት ላይ ፈልጋ ሠራችው። "ልክ ነው" አለች። ከቁጥሩ ሥር በእጃቸው "ይህችን ሌሊት አልረሳም" ብለው ጽፈዋል። "ለምን?" አለችኝ።