እግሯን ስንቆጥር፦ ስለ ትንሿ መቶ እግር ጥያቄና መልስ

ክረምቱ እንደወጣ ደሴ ጓሯችን ካለው ጽድ ሥር ድንጋይ ሳነሳ አንዲት ገለባ የመሰለች መቶ እግር አገኘሁ። ርዝመቷ 12 ሚሊ ሜትር ነው። ፎቶዋን ያያችሁ ብዙ ጠይቃችሁኛል፤ ልመልስ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ እውነት መቶ እግር አላት?

የላትም። ያደገ መቶ እግር የእግር ጥንዶቹ ብዛት ሁሌም ጎዶሎ ቁጥር ነው ማለት ይቻላል፤ ከ15 ጀምሮ እስከ 191። መቶ እግር እንዲኖረው 50 ጥንድ ያስፈልገዋል፣ 50 ደግሞ ለሁለት ይካፈላል። እኔም መጀመሪያ ስቆጥር 44 ጥንድ መጣልኝ። ስህተቱ የኔ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። በአጉሊ መነጽር ሥር በመርፌ ጫፍ አንድ በአንድ እየነካሁ ደገምኩት። 45! አንዱ ጥንድ ከሆዷ ሥር ታጥፎ ነበር።

ጥያቄ፦ የዚያ የቆላው ትልቁ መቶ እግር ግልገል ብትሆንስ?

አትሆንም። እሱ አብዛኛውን ጊዜ 21 ጥንድ ነው ያለው፤ ሲፈለፈልም ይዞት ይወጣል። በሕይወት ካሉት አምስት የመቶ እግር ክፍለ መደቦች እግሩ እንዲህ የሚበዛው ጂኦፊሎሞርፋ የሚባለው፣ አፈር ውስጥ የሚኖረው ነው። ዓይንም የለውም። ዓይን ማጣት ብቻውን ግን አይበቃም፤ ክሪፕቶፕስ የሚባለው ወገንም ዓይን የለውም፣ እግሩ ግን 21 ጥንድ ነው። ለዚህ ነው ቆጠራው ላይ ሙጭጭ ያልኩት።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ልጆቹን ትነድፍብን ይሆን?

አብሽሩ እናቴ። መርዝ አላት፤ ከጭንቅላቷ ሥር ያሉት ሁለት ጥፍሮች የተለወጡ እግሮች ናቸው። ግን የሰው ቆዳ ለመብሳት በጣም ትንሽ ናት። የቆላው ትልቁ ግን ክፉኛ ያማል፤ ልጆቹ በእጃቸው እንዳይነኩት።

ጥያቄ፦ አዲስ ዝርያ ከሆነች በተራራችን በጦሳ ስም ትሰየምልን!

እኔም ደስ ባለኝ! ግን አንቸኩል። በአንዷ ብቻ መወሰን ይከብዳል፤ ወንድም ሴትም ቢገኙ ይሻላል። የላይኛው ከንፈሯ፣ ሆዷ ላይ ያሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች፣ የመጨረሻው ጥንድ እግሯ፣ ሁሉም ቀደም ሲል ከተገለጹት ዝርያዎች ጋር መነጻጸር አለበት። ስም የወጣላት ናሙና ደግሞ ማንም መጥቶ እንዲያያት ሙዚየም ትቀመጣለች።

የተገኘችበት ቦታም ያሳስታል። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ናናሩፕ ሆፍማኒ የተባለች 10 ሚሊ ሜትር ገደማ የምትሆን መቶ እግር ከኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ ተገልጻለች። ተመራማሪዎቹ ግን ከምሥራቅ እስያ በእጽዋት አፈር ሳትመጣ አትቀርም ብለው ጠረጠሩ። የኛም ጓሮ ከሌላ ቦታ የመጣ ችግኝ አለበት። ስለዚህ በአካባቢያችን ካለው ከየጎፍ ደን ብትገኝ የበለጠ አምናታለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ባገኝ በአረቄ ላቆያት?

አረቄ ጉልበቱ ከቤት ቤት ይለያያል። 70 በመቶ አልኮል ከፋርማሲ ግዛ። ቦታውን፣ ቀኑንና ከምን ሥር እንዳገኘሃት በትንሽ ወረቀት ጽፈህ ጠርሙሱ ውስጥ ክተተው። በእርሳስ ጻፈው፤ የእስክሪብቶ ቀለም አልኮሉ ውስጥ ይሟሟል።