ሁሉም «ኃይል» ከሆኑ ልዩነታቸው የቱ ጋ ነው?

ወንድሜ፣ «ስትሬንግዝ፣ ፓወር፣ ፎርስ፣ ኢነርጂ፤ መዝገበ ቃላቱ ሁሉንም ኃይል ወይም ጉልበት ይላቸዋል፣ በምን ልለያቸው?» ላልከው፣ እኔም በዚሁ ነገር ተሸውጃለሁ። አንድ ቀን በጣም ደክሞኝ ለፈረንጅ የሥራ ባልደረባዬ በእንግሊዝኛ «ዛሬ ፓወር የለኝም» ብዬ ጻፍኩለት። ወዲያው «መቼ ይመጣል? ላፕቶፕህ ቻርጅ አለው?» አለኝ። መብራት የጠፋብኝ መስሎት ነው። ማለት የነበረብኝ ኢነርጂ የለኝም ነበር።

እስቲ አልከፈት ያለ በር አስብ። ክንድህ ውስጥ ያለው ጥንካሬ ስትሬንግዝ ነው፤ በሩን ባትነካውም አለ። በትከሻህ ስትገፋው በሩ ላይ የሚያርፈው ግፊት ፎርስ ነው። ደጋግመህ ገፍተህ፣ ላብ አጥምቆህ ቁጭ ስትል ያለቀብህ ኢነርጂ ነው።

አስቸጋሪው ፓወር ነው። በፊዚክስ ጊዜ ይገባበታል፤ ሥራው በምን ያህል ፍጥነት ተሠራ ነው ጥያቄው። ኢነርጂ በጁል ሲለካ ፓወር በዋት የሚለካው ለዚህ ነው፤ 1 ዋት ማለት በሰከንድ 1 ጁል ነው። ስፖርት ላይም እንዲሁ ነው። ከባድ ብረት ቀስ ብሎ የሚያነሳው ስትሬንግዝ አለው፣ ከቆመበት ተስፈንጥሮ የሚዘለው ደግሞ ፓወር። ከዚያ ውጭ ግን ስለ ሰው ሲወራ ፓወር ባብዛኛው ሥልጣን ነው። «ፓወር አላት» ሲሉህ ስለ ክንዷ እንዳይመስልህ፤ ታዛለች፣ ትሰማለች ማለታቸው ነው።

ወደ አእምሮ ስንመጣ ስትሬንግዝ የእኛ ብርታት ወይም ጽናት ነው፤ ችግርን ችሎ ማለፍ። ሲጋራ ለማቆም የሚያስፈልገው ግን ዊልፓወር ነው፣ ራስን መግዛት። ብሬይንፓወር የማሰብ አቅም ነው። ፎርስ ሰው ላይ ሲመጣ ማስገደድ ይሆናል።

ቅጽሎቹ ላይ ደግሞ ብዙ አትፈላሰፍ። ሻይ ስትሮንግ ይባላል እንጂ ፓወርፉል አይባልም። ሞተር ግን ፓወርፉል ነው። ለምን? እንዲሁ፣ ጆሮ የለመደው ነው። እኔ ቃሉን ለብቻው መሸምደድ ትቼ አብሮት ከሚሄደው ቃል ጋር ደብተሬ ላይ መጻፍ ስጀምር ነው የቀለለኝ።

ኧረ አንድ ነገር ልረሳ ነበር፦ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ገብተህ «ስትሬንግዝስህ ምንድን ናቸው?» ከተባልክ ጠንካራ ጎንህን ነው የሚጠይቁህ። ስለ ጂም እንዳታወራ።