«አንጀቴን በላችው» ያልኩት ማንን ነው?

ጥያቄ፦ ታናሽ እህቴ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ከማንበቧ በፊት የሰማችው በአባታችን የድሮ ካሴት፣ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ነው። መጨረሻው አልዋጥላት ስላለ የራሷን ታሪክ ጻፈች። በእሷ ድርሰት በዛብህና ሰብለ ወንጌል አይሞቱም። አዲስ አበባ ገብተው፣ አራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ትንሽ ቤት ተከራይተው ይኖራሉ። ድርሰቱን አራት ኪሎ ፎቶ ኮፒ ቤት አስባዝታ ለእኔና ለጓደኞቿ አደለችን። የተሰማንን ገጹ ዳር ላይ እንድንጽፍላት ጠየቀችን። እኔ አንድ ቦታ ላይ «አንጀቴን በላችው» ብዬ ጻፍኩ። እህቴ አኮረፈች። «አሳዘንኩሽ ማለት ነው? ያን ያህል ደካማ ነኝ?» አለችኝ። አንዷ ጓደኛዋ መጨረሻው ገጽ ላይ «አንጀቴ ራሰ» ብላ ስትጽፍ ግን በደስታ ዘለለች። ሌላው ደግሞ «ገደለችኝ» ብሏል። የእኔ ጥፋት ምኑ ላይ ነው?
(ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ጥፋት የለብዎትም። እህትዎም ያለ ምክንያት አላኮረፈችም። ሁለታችሁም አንዱን ዐረፍተ ነገር በትክክል አንብባችኋል። ያነበባችሁት ግን ለየብቻ ነው።

«በላችው» የምትለዋን ቃል ቀረብ ብለን እንያት። «ው» አንጀትዎ ነው፤ የተበላው እሱ ነው። «ች» ደግሞ በይዋ ናት። ማን ናት? አማርኛ ባለቤቱን በግሱ ውስጥ ስለሚይዝ ስም መጥራት ግዴታ አይደለም። «መጣች» ብንል ይበቃል። ሁለት ሴቶች ባሉበት ግን ይህ ምቾት ጣጣ ያመጣል። ገጹ ላይ ሰብለ አለች፤ ከገጹ ጀርባ ጸሐፊዋ አለች። እርስዎ ሰብለን አሉ፤ እህትዎ ራሷን አየች። የራሱን ጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው እጅ ላይ ያኖረ ሰው ሁሉንም ነገር ወደ ራሱ ቢያዞር አይፈረድበትም።

በደብዳቤዎ ላይ ያ ቦታ የትኛው እንደሆነ ጠቅሰውልኛል። ሰብለ ውሃ ለመቅዳት እንስራ አዝላ ወደ ቀበና ትወርዳለች። የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ናት፤ እንስራ አዝላ አታውቅም። ገመዱ ትከሻዋን ይልጠዋል። ማታ በዛብህ እንዳያይባት ነጠላዋን ደረብ አድርጋ ትቀመጣለች። እንግዲህ እዚህ ላይ «አንጀቴን በላችው» ካልተባለ የት ሊባል ነው?

አንጀት መብላት ከተራ ማሳዘን ይለያል። ፒያሳ ላይ በዝናብ ሶፍት የሚሸጥ ልጅ አይተው «እንዴት አንጀት ይበላል!» ይላሉ። ልጁ ግን እያለቀሰ እጅዎን ቢጎትት ይህን ለማለት ያን ያህል አይቸኩሉም። ሊያዝኑለት ይችላሉ፤ ሊሸሹትም ይችላሉ። እኔ እንደማስተውለው አንጀት የሚበላው ችግሩን የሚናገር ሰው አይደለም፤ የሚደብቀው ነው። ዳቦዋን ገምሳ ለወንድሟ ሰጥታ «ጠግቤያለሁ» የምትል ልጅ አንጀት ትበላለች። ነጠላዋን ደረብ ያደረገችው ሰብለም እንደዚያው ናት። ስለዚህ አስተያየትዎ ለእህትዎ ትልቅ ምስጋና ነበር። ሰው ስለ ሰብለ አንጀቱ የሚበላው ጸሐፊዋ ስትችልበት ነው። ባትችልበት ኖሮ «ምነው ይህቺ ልጅ ውሃ ብቻ ትቀዳለች?» ብለው ገጹን ባለፉት ነበር።

የጓደኛዋ «አንጀቴ ራሰ» ግን ከሁሉም የገረመኝ ነው። ልጅቷ ሳታስበውም ሊሆን ይችላል፤ ለእንዲህ ዓይነት ድርሰት ከዚህ የተሻለ ቃል አላውቅም። አንጀት የሚርሰው ቀድሞ ያረረ ከሆነ ብቻ ነው። ሰላም ውሎ የገባ ሰው ጥሩ ወሬ ሲሰማ «ደስ አለኝ» ይላል እንጂ «አንጀቴ ራሰ» አይልም። ከጀርባው የቆየ መቃጠል ሊኖር ይገባል። ሲጨቁን የኖረ ሰው የእጁን ሲያገኝ «እሰይ፣ አንጀቴን አራሰው!» የምንለው ለዚህ ነው። ዋናው መጽሐፍ ላይ አበጀ በለውና ገበሬዎቹ በፊታውራሪ መሸሻ ላይ ሲበረቱ የስንቱ አንባቢ አንጀት ርሶ ይሆን!

ልቦለዱ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ያነበበውም በሬዲዮ የሰማውም «ምናለ ባይሞቱ ኖሮ» ሲል ኖሯል። የሁለቱ ሞት የብዙ ሰው አንጀት ላይ እንዳረረ ቀርቷል። የእህትዎ ድርሰት የሚነሳው ከዚያው ነው። የሰው ታሪክ ተቀብሎ የሚቀጥል ጸሐፊ ባዶ ሜዳ ላይ አይጽፍም። አንባቢው አርሮ ይጠብቀዋል። ዋናውን ያላነበበ ሰው የእህትዎን መጨረሻ ቢያነብ «ጥሩ ነው፣ ተጋቡ» ይላል፤ በቃ። «አንጀቴ ራሰ» የምትለው ግን ለሁለቱ አልቅሳ የምታውቅ ልጅ ናት። ሁለት ቃል ውስጥ ሁለቱንም መጻሕፍት አንብቤያለሁ ብላለች።

ይህን ካነሳን አይቀር፣ ገጽ ዳር ላይ ሲጽፉ ሊጠነቀቁት የሚገባ ሌላ ቃል አለ። «አሳዘነኝ» የሚለው ነው። «መጨረሻው አሳዘነኝ» ብለው ቢጽፉ እህትዎ ሁለት ነገር ልትረዳ ትችላለች። አንዱ «ታሪኩ ሐዘን ላይ ጣለኝ» ነው፤ ለጸሐፊ ሙገሳ ነው። ሁለተኛው «ከዚህ የተሻለ ጠብቄ ነበር» ነው። በንግግር ድምፃችን ይለየዋል። በእስኪርቢቶ ሲጻፍ ግን ድምፅ የለም። የመጀመሪያውን ለማለት ከፈለጉ «ሆዴ ባባ» ይበሉ። ሆድ መባባት እንባ እንባ ማለት ነው፤ ወቀሳ የለበትም። «ሆድ ባሰኝ» ግን ሌላ ነው። ሆድ የሚብሰው ሰው የተበደለ፣ የተረሳ ወይም የተገፋ ሲመስለው ነው። እሱን ጽፈውላት ቢሆን ኖሮ «ደግሞ ምን አደረግኩሽ?» ባለችዎት ነበር፤ እውነቷን ነው።

ከበደለኛ ገጸ ባሕርይ ጋር ከተጣሉ ደግሞ «ቆሽቴ አረረ» አለልዎት። ቆሽት ለንዴት ነው፤ አንጀትም ለንዴት ያርራል፤ ሲበላ ግን ለርኅራኄ ብቻ ነው። የሰውነት ክፍሉና ግሱ ተጣምረው ነው ስሜቱን የሚለዩት። አንዱን ብቻ ይዞ መፍረድ ያሳስታል። እንዲህ ያሉ አባባሎችን ተሰብስበው ማየት ከፈለጉ ዶክተር አምሳሉ አክሊሉና ዳኛቸው ወርቁ ያዘጋጁትን «የአማርኛ ፈሊጦች» ይፈልጉ።

«ገደለችኝ» የሚለውን ብዙ ትልልቅ ሰዎች የዘመኑ ልጆች ያመጡት ብልሹ አማርኛ ነው ይላሉ። አልስማማም። በሳቅ መሞት፣ በናፍቆት መሞት፣ በሀፍረት መሞት የቆዩ ናቸው። ልጁ የተወው «በምን» የሚለውን ነው። ጎረምሶች እርስ በርሳቸው ሲያወሩ ይህ አይጎድልባቸውም፤ አብረው እየሳቁ ነውና። ለጸሐፊዋ ግን ይጎድልባታል። ጉዱ ካሳ ከአከራይዋ ጋር ሲከራከር አስቆት ነው ወይስ እንባ ገድሎት? «በሳቅ ገደለችኝ» ቢል ኖሮ የቱ ቦታ እንደሠራላት ታውቅ ነበር። ጸሐፊዋም «አሳቅሁ» ብላ ሌላ እንዲያ ያለ ገጽ ትጽፍ ነበር። አንባቢ ለጀማሪ ሊሰጠው የሚችለው ትልቁ ነገር ይህ ይመስለኛል፤ የቱ ጋ ምን እንደተሰማው ለይቶ መንገር።

ወደ እርስዎ ልመለስ። ያቺን ወረቀት ተቀብለው ከ«አንጀቴን» በፊት «ሰብለ» የሚል ስም ይጨምሩ። «ሰብለ አንጀቴን በላችው» ሲሆን ጠቡ ያልቃል። ለእህትዎ ደግሞ የራሷን ይጻፉላት። ጓደኞቿ ከሆኑ «ይመችሽ» ይሏታል፤ እሱም ያምርባቸዋል። እርስዎ ታላቅ እህት ስለሆኑ «ብዕርሽ አይንጠፍ» ቢሉ ይሻላል። በ«ሽ» ስለተጻፈ ለማን እንደተባለ አያከራክርም።